እትዬን የማያስጮህ ድምፅ ማጉያ

ዋት ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በፊዚክስ ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይ መጥቶም በትክክል መልሼዋለሁ። ግን ገርጂ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ባለቤት ሁለት ድምፅ ማጉያ ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይቺ ሠላሳ ዋት ናት፤ ያ ደግሞ ሦስት መቶ» ሲለኝ የተማርኩት ሁሉ ጥሎኝ ጠፋ።

«ልዩነታቸው ምንድነው?» አልኩት።

«ሁለት መቶ ሰባ» አለኝ።

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ደብተሬ ላይ «270» ብዬ ጻፍኩ፣ ማን ያውቃል፣ ቤት ስገባ ይገባኝ ይሆናል ብዬ። አልገባኝም።

ሱቁ የሄድኩት ለእትዬ ብዬ ነው። እትዬ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏን ጋሼ እላቸዋለሁ። ጋሼ ማሲንቆ ይጫወታሉ፣ እትዬ ትዘፍናለች፤ ሌላ ሥራ ኖሯቸው አያውቅም። ድሮ አንድ የአዝማሪ ቤት ውስጥ ነበሩ። ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ቤቱም አብሮ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት ከገርጂ ታክሲ ይይዙና ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ ካፌዎቹ ከሚበዙበት የእግረኛ መንገድ ላይ ቆመው ይጫወታሉ።

ቤት ውስጥ መዝፈንና መንገድ ላይ መዝፈን አንድ ይመስለኝ ነበር። አይደለም ለካ። መንገድ ላይ ወያላው ይጣራል፣ ሞተር ሳይክሉ ይንጣጣል፣ ካፌው የራሱን ሙዚቃ በበሩ በኩል ይለቃል። ከላይ ደግሞ አውሮፕላን አለ፤ ቦሌ አይደል? እትዬ ከዚህ ሁሉ በላይ ለመሰማት ትጮሃለች። ስድስት ወር ጮኸች። ከዚያ ድምፅዋ መሻከር፣ ቀጥሎም መሀል መሀል ላይ መቆራረጥ ጀመረ። በመጨረሻ ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሙ በትንሽ መብራት አይቶ ጉሮሮዋ ውስጥ የስንዴ ፍሬ የምታክል እብጠት እንዳለች ነገራት።

«ካልጮህሽ እሷ ትጠፋለች» አላት። «ከጮህሽ ግን የሚጠፋው ድምፅሽ ነው። ጠዋት ስትነሺ ራስሽን አዳምጪ። ድምፅሽ ካልወጣ ትናንት በድለሽዋል ማለት ነው።»

ሁለት ሳምንት ምንም ሳትናገር እንድትቆይ አዘዛት። ጋሼ ያን ቀን ማታ እራታቸውን አልጨረሱም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጎናቸው የቆመ ድምፅ ነው፤ እሱ ከሄደ ማሲንቆው ብቻውን ማንን ያጅባል? ይኼን አልተናገሩም። ማሲንቆውን ግን ከግድግዳው አውርደው ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጡት፤ ያኔ ነው የፈራሁት።

በማግስቱ ጠሩኝና «ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ አፍጥጠሽ የምትውይው መቼም ለዚህ ቀን ነው» አሉኝ። «ለእትዬሽ የምትሆን ሞንታርቦ ፈልጊ።» ጋሼ ድምፅ የሚያጎላ ነገር ሁሉ፣ የቁም ሣጥን ያህል ይሁን የክብሪት ቀፎ ያህል፣ ሞንታርቦ ነው የሚሉት።

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። አስቡት፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከዚያ በፊት ምረጪ ተብሎ የተሰጠኝ ትልቁ ነገር የመጋረጃ ቀለም ነበር፣ እሱንም እትዬ ቀይራዋለች። ወዲያው አዲስ ደብተር አወጣሁ። እትዬ መናገር ስለማትችል ደብተሩን ተቀበለችኝና ሁለት ነገር ጻፈችበት፦

ብቻዬን የምሸከመው።

የማያስጮኸኝ።

የመጀመሪያውን በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። ሁለተኛውን አላሰመርኩበትም። ድምፅ ማጉያ ሆኖ የሚያስጮህ አለ እንዴ? ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። ሰዎቹ ሁሉ ጊታር ነው የያዙት። ሰፊ አደባባይ ላይ ቆመው ስለ ባትሪ፣ ስለ ኪሎ፣ ስለ ቻናል ያወራሉ፤ ከኋላቸው አንድም መኪና ጥሩንባ አይነፋም። አንዱ «ትልቁ ይሻላል» ይላል። ሌላው «ትልቅ የሚገዛ ሞኝ ነው» ይላል። ሦስተኛው ሁለቱንም ይሰድባል። ስለ ማሲንቆ የሚያወራ አንድም ሰው አጣሁ። ማሲንቆ ስንት ዋት ይፈልጋል? ጋሼን ጠየቅኳቸው።

«ማሲንቆ የፈረስ ጭራ ነው የሚፈልገው» አሉኝ።

ስለዚህ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ባለ ሱቁ ጋሼን ያከብራቸዋል፣ ሰርጉ ላይ የተጫወቱለት እሳቸው ናቸው። «ውሰጂና ሞክሪ፤ ካልሆነ መልሺ። ካርቶኑን ብቻ እንዳትቀድጂብኝ» አለኝ። መጀመሪያ የሰጠኝ ወገብ ላይ የምትታሰረዋን ነው። ማይኳ እንደ ፀጉር ማስያዣ ጭንቅላት ላይ ይጠለቃል። ክብደቷ ከዳቦ አይበልጥም። አገኘሁት አልኩ! እየሮጥኩ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ፤ ጋሼን ግቢ አውርጄ አለበስኳቸውና «በሉ ይዝፈኑ» አልኳቸው።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው አንድ ስንኝ አወጡ። የወጣው ድምፅ ግን የጋሼ አልነበረም። ከቆርቆሮ ውስጥ የሚመጣ፣ አፍንጫው የተዘጋ ሰው ድምፅ ነው። ይኼን ድምፅ የት ነው የማውቀው እያልኩ ሳስብ ከሦስተኛ ፎቅ አንዲት ጎረቤት በመስኮት ብቅ አሉ።

«የበረሮው መድኃኒት አለ?»

ጋሼ ቀና ብለው አዩዋቸው።

«የትኋኑም ቢሆን ግድ የለም! ቆዩ መጣሁ!»

እትዬ በረንዳ ላይ ሆና ታየን ነበር። እንዳትናገር ብቻ ሳይሆን እንዳትስቅም ታዝዛ ነበር፤ ፎጣ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ወደ ውስጥ ስትሮጥ አየሁ። ጋሼ ዕቃውን ከጭንቅላታቸው እያወለቁ «መልሽለት» አሉኝ፤ «እኔ በዚህ ዕድሜዬ አይጥ አላባርርም።»

ባለ ሱቁ ነገሩን ስነግረው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ቁምነገረኛ ሆነና ከጥግ አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር እየገፋ አወጣ። ጎማ አለው፣ እጀታ አለው፣ ፊቱ ላይ የሚዞር መብራት አለው። «ይኼ ሰፈር ያናውጣል» አለኝ።

«ስንት ዋት ነው?»

«ካርቶኑ ላይ አምስት መቶ ይላል። ካርቶን ላይ የተጻፈ ግን ለካርቶኑ ነው፤ ግማሹን እመኚ።»

«እስከ ስንት ሜትር ይሰማል?» አልኩት። ይኼን ጥያቄ ከቪዲዮ ነው የተማርኩት፤ ስጠይቅ በጣም የማውቅ እመስል ነበር።

«አንቺ ገርጂ ከፍተሽው መገናኛ ይሰማል።»

ብድግ አደረግኩት። ግማሹን ውኃ የተሞላ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ያህላል፤ ያንን ደግሞ ውኃ በሚጠፋበት ቀን ሁሉ ተሸክሜ ፎቅ እወጣለሁ። ይቻላል አልኩ። ጎማም አለው። ጎማው ኮብል ስቶን ላይ ሲነዳ ግን እንደ ታንክ ነው የሚንጋጋው፤ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየኝ ነበር። እኔ ኮራ አልኩ።

ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ እትዬ ድምፅዋ ተመለሰ። ቀስ ብላ «እንደምን አደራችሁ» ስትል ጋሼ ማሲንቆውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረዱ። የዚያን ቀን ከሰዓት ሦስታችንም ትልቁን ጥቁር ዕቃ ይዘን ወጣን። ሚኒባሱ ውስጥ ስናስገባው ወያላው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለዕቃው እጅ ነሣው።

«ጋሼ የት ነው የሚወርዱት?» አለው።

«መድኃኔዓለም» አሉት የእኔው ጋሼ ስለ እሱ መልሰው።

«ይጠጉላቸው! ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሁለት ወንበር ይይዛሉ!»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ደስ የሚል ቀን ይመስል ነበር።

እትዬ ማይኩን ጨብጣ ቆመች። ድምፅ ማጉያውን ከፊቷ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጌ አቆምኩት፤ ሁሉም ቪዲዮ እንደዚያ ነው የሚለው። ከፈትኩት። እውነቴን ነው፣ የካፌው ሙዚቃ ጠፋ። ሚኒባሱ ጠፋ። የእትዬ ድምፅ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሕንፃ ላይ ሄዶ ሲጋጭ ሰማሁት። ሰው ቆመ። ማዶ ቆመ፣ ደረጃ ላይ ቆመ፣ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ። እኔም ቀረጽኩ። አሸንፌያለሁ!

ግን አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። ማንም አልቀረበም። ሁልጊዜ ሰው እትዬንና ጋሼን ከቦ፣ ክንድ ለክንድ ተነካክቶ ነው የሚቆመው። ያን ቀን በእነሱና በሰው መሀል መኪና የሚያቆም ባዶ ቦታ ነበር። አንዲት ሴት ልጇን ጆሮዋን ይዛላት ስታልፍ አየሁ።

አዝማሪ ፊት ደግሞ አድማጭ ዝም ብሎ አይቆምም። ጠጋ ብሎ «ተቀበይ!» ይልና ከራሱ አንድ ስንኝ ይሰጣል፤ ዘፋኟ ትቀበለዋለች፣ በዜማ ትደግመዋለች፣ ከራሷ መልስ ትጨምርበታለች፣ ሰው ይስቃል። ያን ቀን ለአርባ ደቂቃ አንድም ሰው ስንኝ አልሰጠም። በመጨረሻ ሱፍ የለበሱ አንድ ሰውዬ ባዶውን ቦታ አቋርጠው መጡ፤ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። እትዬ ግን አልሰማቻቸውም። ሰላም ያሏት መሰላት፤ በጭንቅላቷ እጅ ነሥታቸው የራሷን መዝፈን ቀጠለች። ሰውዬው ጠበቁ። የሰጡት ስንኝ ሳይነሣ ቀረ። ፊታቸው ሲለወጥ አይቼ ልነግራት ስሮጥ ሄደው ነበር።

ወዲያው የሕንፃው ጥበቃ መጣ። «እናቴ፣ ቀንሱልኝ በፈጣሪ» አለ እትዬን። «ላይ ያሉት ስብሰባ ላይ ነን ብለው እኔን ሊበሉኝ ነው።»

ቀነስን። ትንሽ ቆይተን ሄድን። እትዬ ታክሲ ውስጥ አንገቷን እያሸች መጣች፤ ደክሟት ነው ብዬ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣም። ትንፋሽ ብቻ። ጋሼ አዩዋት፣ እሷም አየቻቸው፤ ሁለቱም ወደ እኔ ላለመዞር ሲጠነቀቁ ገባኝ። ያ ነው የባሰብኝ። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

እንዴት? ሰፈር የሚያናውጥ ዕቃ እጇ ላይ እያለ እንዴት ጮኸች? ሒሳቡ አልመጣልኝም። ዕቃው እየጮኸላት እሷ ለምን ትጮሃለች? ሻወር ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ የቀረጽኩትን ቪዲዮ አሥር ጊዜ አየሁት። በአሥረኛው ይሁን በአሥራ አንደኛው እጇን አየሁ። እትዬ ዘፈኑን ሙሉ አንድ እጇ ጆሮዋ ላይ ነበር። የአንገቷ ሥር ተወጥሯል።

ጋሼ ጋ ሄጄ ስልኩን አሳየኋቸው። «እጇን ለምንድነው እንዲህ የምታደርገው?»

ረጅም ጊዜ አዩት። «ራሷን አልሰማችም» አሉ። «ድምፅዋን በሙሉ ወደ ማዶ ልከንባት እሷ ጋ ምን ቀረ? ሰው ራሱን ካልሰማ ይጮሃል። ደንቆሮ ሲያወራ አይተሽ አታውቂም?»

«ድሮ ቤቱ ውስጥስ?»

«ቤቱ ውስጥማ ግድግዳው ይመልስላታል። ሰውም ጉልበቱ ከጉልበታችን ነው። ስንኝ ሲሰጣት በሹክሹክታ ነው። እሱ ሲሰጥ እሷ ታርፋለች፣ ሰው ሲስቅ ታርፋለች፣ እኔ ስመታ ታርፋለች። ትናንት አርባ ደቂቃ ያለ ዕረፍት ነው የዘፈነችው።» ስልኩን መለሱልኝ። «የእትዬሽ ጉሮሮ የሚያርፈው የገዛ ጆሮዋ ሲጠግብ ነው፣ ልጄ።»

ደብተሬን ከፈትኩ። «የማያስጮኸኝ» የሚለው ቃል ሳይሰመርበት ቁጭ ብሏል። እኔ ባለ ሱቁን፣ ቪዲዮውን፣ ዓለሙን ሁሉ «እስከ ስንት ሜትር ይሰማል?» ስል ከርሜያለሁ። ስንት ሜትር እንዲሰማ እንደምንፈልግ እትዬን አልጠየቅኳትም። አሁን ጠየቅኳት። ተነሣች፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፣ ከዚያ በሳሎኑ ውስጥ ስምንት እርምጃ ተራምዳ ቆመችና በጣቷ ወለሉን አሳየችኝ። እዚህ ድረስ። በቃ።

ትልቁን ዕቃ መልሼ «ስምንት እርምጃ ብቻ የሚሰማ ስጠኝ» ስለው ባለ ሱቁ የተቀየምኩት መሰለው። ከዚያ ባንኮኒው ላይ የሻይ ብርጭቆውን ያስቀመጠባትን ትንሽ ሳጥን አየሁ። የምሳ ዕቃ ታክላለች። ማንጠልጠያ አላት፣ የማይክ መሰኪያ አላት።

«ይቺ እኮ ለልጆች ልደት ናት!» አለኝ። «አንድ ጊዜ ‹ሃፒ በርዝዴይ› ተብሎባት ትጠፋለች።»

«ብርጭቆህን አንሣልኝ።»

«የት ልታደርጊያት ነው?»

«ከኋላቸው። አጥሩ ላይ፣ በጆሮዋ ትክክል።»

«ሞተሻል። ማይክ ፊት ለፊቷ ከቆመ የሳጥኗን ድምፅ መልሶ ይወስድና ሳጥኗ ታፏጫለች። የትም ጠይቂ።»

ጠየቅኩ። ቪዲዮዎቹም እንደሱ ነው የሚሉት፤ ድምፅ ማጉያ ከዘፋኙ ኋላ አይቀመጥም። ያኔ በጣም ነበር የተምታታብኝ። የሚያውቁት ሁሉ አንድ ነገር ይላሉ፣ የእትዬ እጅ ደግሞ ሌላ ይላል። የእጇን አመንኩ።

ከሳምንት ዝምታ በኋላ ወጣን። በዚህኛው ጊዜ ዕቃዋን እትዬ ራሷ በቦርሳዋ ይዛ ከአራተኛ ፎቅ ወረደች። ከሕንፃው አጥር ብረት ላይ በጋሼ ፎጣ አሰርኳት። ከፈትኳት፤ አፏጨች፣ ያውም ጥርስ በሚያሳክክ ፉጨት። ባለ ሱቁ ትክክል ነበር ማለት ነው። ትንሽ ቀነስኩ፣ አሁንም አፏጨች። ስምንት እርምጃ ሄጄ ቆምኩና ጋሼን «ይቀንሱት፣ ይቀንሱት፣ እዚያ ላይ!» አልኳቸው። ዝም አለች። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ብቻ ድምፅዋ ከስምንት እርምጃ የማያልፍበት ላይ ሲደርስ ፉጨቱን ተወች።

እትዬ ጀመረች። ከማዶ ምንም አይሰማም። ሚኒባሱ እንደ ልቡ ይጣራል፣ ካፌው ሙዚቃውን አልቀነሰም። የሚያልፍ ሰው ግን ጭላንጭል ይሰማና ይቆማል፤ ለመስማት አንድ እርምጃ ይገባል፣ ከዚያ ሌላ እርምጃ። የማሲንቆው ድምፅ ያለ ምንም ማጉያ ለብቻው ይሰማ ነበር። እትዬ እጇ ጆሮዋ ላይ አልሄደም።

ክቡ ሲሞላ ያ ጥበቃ መጣ። ሊያባርረን ነው ብዬ ወደ መቀነሻው ሮጥኩ። እሱ ግን ኮፍያውን አውልቆ ከእትዬ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆመ።

«ተቀበይ!» አላት።

«እቀበላለሁ ወንድሜ!»

የሰው በር ስጠብቅ ቀኑ መሸብኝ፣
የራሴን በር ማነው የሚከፍትልኝ።

እትዬ ቃል በቃል፣ ቀስ ብላ መለሰችለት፣ ከእኔ ጋር ስታወራ በምታወራበት ድምፅ። ሰው «እሰይ!» አለ። ጋሼ ማሲንቆውን እየመቱ ጊዜ ሰጧት። እሷ ዐይኗን ጨፈነች፣ ከዚያ ወደ እሱ ዘወር ብላ፦

ቁልፉን ኪስህ ይዘህ እየዞርክበት፣
ማን ደፍሮ ይምጣና ይክፈትልህ ቤት።

«አገባለሁ በቃ!» ብሎ ጮኸ ጥበቃው፣ ክቡ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ እስኪያልቅ እትዬ ቆማ ውኃዋን ጠጣች። ከዚያ አንዲት ሴት «ተቀበይ» አለች። ከዚያ ሁለት ተማሪዎች ተገፋፍተው አንደኛው ተቀበይ አላት፣ ስንኙ ቤት አይመታም፣ እትዬ አቃንታ መለሰችለት። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን። ስንቱን እሷ እንደዘፈነች፣ ስንቱን ደግሞ ሰዉ እንደሰጣት መለየት አቃተኝ።

ማታ ማናችንም ስለ ጉሮሮዋ አላነሣንም። የሚታወቀው ጠዋት ነው።

ጠዋት ከእንቅልፌ ነቅቼ ሳልነሣ ተኛሁ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ጋሼ ሳሎን ውስጥ አንድ ጫማቸውን አጥልቀው ሌላውን በእጃቸው ይዘው ቀርተዋል። ወጥ ቤት ውስጥ ቧንቧው ተከፈተ፣ ተዘጋ።

«ሳሙናውን የት አደረጋችሁት?»

ሻከር ያለ ነበር። ግን ሙሉ ድምፅ ነው፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አልተቆረጠም። ጋሼ በበሩ በኩል አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው። ሁለታችንም አልመለስንላትም።

«ኧረ ሳሙናው! ሰው የለም?»

አሁንም አልመለስንም። አንድ ጊዜ ብትደግምልን ምን አለበት? ብርድ ልብሱን አፌ ላይ አድርጌ ሳቄን ያዝኩ። እትዬ ለሦስተኛ ጊዜ አየር ስትስብ ሲሰሙ ጋሼ ባንድ ጫማ ብድግ አሉ።

«ተነሺ ስጫት፣ አታስጩሂያት!» አሉኝ፤ እኔ እስክነሣ ግን አልጠበቁም፣ ሳሙናውን ይዘው እያነከሱ ራሳቸው ሄዱ።